ከግቢ ወደ አራተኛ ፎቅ፦ ለአንድ ቤት ስንት እንስሳት ይበዛሉ?

የካዛንቺስ ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ ለሌላው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኛን ግን ከተዛወርን ወዲህ እንቅልፍ የነሣን እርሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣ እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበትን ግቢ ለቅቀን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተናል። በቤቱ የምንኖረው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጃችንና እናቴ ስንሆን፣ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሦስት ውሾችና አምስት ድመቶችም አብረውን መጥተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ግቢው ውስጥ ሳለን ቆጥረናቸው አናውቅም። ውሾቹ ቀን ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተኝተው ይውላሉ፣ ማታ በሩን ይጠብቃሉ፤ ድመቶቹም ከጣራ ጣራ ሲዘሉ ውለው ለእራት ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አንዷ ሁለት ቀን ብትጠፋ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ሌላዋ ከጎረቤት መጥታ ብትቀላቀልም የሚያባርራት የለም። አባቴ ካረፈ በኋላ ግን እንስሳቱ የእናቴ የዓይን ብሌን ሆኑ። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ትነሣና ከልኳንዳ ቤት የማመጣላትን ሳንባ ከበቆሎ ቅንጬ ጋር ቀቅላ፣ አብርዳ፣ በሁለት ሰፋፊ ሳፋዎች ታቀርብላቸዋለች። ግቢ ሳለን ይህን የምታደርገው ውጭ በከሰል ምድጃ ላይ ነበር፤ አሁን በጠባቧ ኩሽና ውስጥ በመሆኑ ሽታው ደረጃውን ሞልቶ እስከ ታች ይወርዳል።

ውኃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ሲመጣም ወደ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ኃይል ስለሚያንሰው ከታች በጀሪካን ቀድተን እንሸከማለን። የድመቶቹ መጸዳጃ ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን ሲሆን፣ ከአናጢ ቤት የማመጣውን ሰጋቱራ እንሞላበታለን፤ ውኃውንም ሰጋቱራውንም ለማብቃቃት ስንል የምንቀይረው በየሦስት ቀኑ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ሴቷ ውሻ የድራት ጊዜዋ ደርሶ የሠፈሩ ወንድ ውሾች ሦስት ሌሊት ደረጃው ላይ አደሩ። ከጎረቤቶቻችን አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለማውረድ በራቸውን ከፍተው መውጣት እንዳልቻሉ በትሕትና ነገሩኝ፤ የዚያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ባለቤቴ «አውጡልኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በእርግዝና ክትትሏ ወቅት ስለ ድመት ጥንቃቄ እንድታደርግ ተነግሯታል። እናቴም ነገሩ በተነሣ ቁጥር «እነሱ ከወጡ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ» ብላ ዝም ትላለች። የሁለቱም ልብ እንዲሰበር አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ አንድ ቤት የሚችለው የእንስሳት ብዛት በምን እንደሚለካ ነው። ስምንት እንደሚበዛ ራሴም አያለሁ፤ ስድስትስ ይበዛል? አራትስ? የሚቀሩት በምን ይመረጣሉ፣ የሚሄዱትስ ወዴት ይሄዳሉ? ሠፈሩ ሲነሣ ፍርስራሽ ላይ ተጥለው፣ የቀድሞ በራቸው በነበረበት ቦታ ተኝተው ጌቶቻቸውን የሚጠብቁ ውሾች በዓይኔ ስላየሁ፣ ያንን እኔ እንዳላደርገው እፈራለሁ።


ሐኪመ እንስሳት፦

ውድ ወንድሜ፣ ቢሾፍቱ ተምሬ ላለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ውሾችንና ድመቶችን ሳክም ጥያቄዎን በብዙ መልኩ ሰምቼዋለሁ። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጌሪ ፓትሮኔክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ እንስሳትን ከአቅሙ በላይ የሚሰበስብ ሰው የሚታወቀው በብዛታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ለኑሯቸው የግድ የሆነውን ምግብ፣ ንጽሕና፣ መጠለያና ሕክምና ማሟላት ሲሳነው፣ መሳኑንም ለራሱ ማመን ሲያቅተው እንደሆነ አስረድተዋል። እርስዎ ችግሩን አምነው ጽፈዋል፤ ይህ የመንገዱ ግማሽ ነው።

እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው፣ ቤታቸው በደህናው ሳምንት ሳይሆን በክፉው ሳምንት ስንት እንስሳ እንደሚችል እንዲያስቡ ነው። ውኃ ለአምስት ቀን ሲጠፋ፣ እናትዎ ጉንፋን ጥሏቸው ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ ባለቤትዎ አራስ ሲሆኑ፣ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ አልቆ ከእንስሳቱ አንዱ መድኃኒት ሲፈልግ፣ በዚያች ሳምንት ሳይጎድልባቸው ሊያሳድሯቸው የሚችሉት ስንቱን ነው? የዐቢይ ጾምንም ያስቡ። በ55 ቀናት ውስጥ አብዛኛው ልኳንዳ ቤት ዝግ ስለሆነ ሳንባ እንደልብ አይገኝም። ውሻ በእህልና በእንቁላል ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ከተጓደለባት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። አምስት ድመቶችን በሽሮ ፍትፍት ጾሙን ማሻገር አይቻልም። የወጥ ትርፍራፊም ቢሆን ቀይና ነጭ ሽንኩርት ስለሚበዛበት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎቻቸውን ያፈርሳል።

እናትዎ ሳንባውን ቀቅለው መስጠታቸውን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ውኃ የቋጠረ እጢ ሊኖርበት ይችላል፤ ውሻ ያንን በጥሬው ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ እጢ ያወጣል። በየበዓሉ የታረደውን ሆድ ዕቃ በጥሬው ለውሻ የምንወረውር ሁሉ ይህን ብናውቅ መልካም ነው።

አሁን እኔም ልጠይቅዎት። ስምንቱም ዘንድሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስደዋል? በየዓመቱ ሁሉንም ማስከተብ የማይችል ቤት፣ ለእኔ ያለ ምንም ክርክር እንስሳቱ የበዙበት ቤት ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውን ሳይገድል አይመለስም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድም 99 በመቶ ያህሉ በውሻ በኩል ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አለቻችሁ። ልጅ ስትነከስ ወይም ስትቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግዴታ ነው፤ በጀሪካን ውኃ የሚኖር ቤት ይህችን 15 ደቂቃ አስቀድሞ ሊያስብባት ይገባል።

ስለ ባለቤትዎ እርግዝና ደግሞ፣ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ መጸዳጃው በየቀኑ ከተጸዳና የሚያጸዳው ከባለቤትዎ ሌላ ሰው ከሆነ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። የእናንተ ችግር ድመት መኖሩ ሳይሆን «በየሦስት ቀኑ» ያሉት ነገር ነው። ባለቤትዎ ጥሬ ክትፎና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ይተው፤ ይኸው ተውሳክ በዚያም በኩል ይገባል።

እኛ ሐኪሞች ለድመት መጸዳጃ የምንሰጠው ምክር ለእያንዳንዷ አንድ፣ በተጨማሪም አንድ ትርፍ እንዲኖር ነው። ለአምስት ድመት ስድስት ማለት ነው። በባለ ሁለት መኝታ ቤት ስድስት የሰጋቱራ ሳጥን የት የት ሊቀመጥ እንደሚችል በእግርዎ ዞረው ይዩት። ለሁለት ድመት ሦስት ይበቃል፤ ሦስት ቦታ ደግሞ አይጠፋም። እኔ በእናንተ ቤት ሁለት ድመትና አንድ ውሻ ይበቃል እላለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሴቶቹን አስመክኑ፣ ወንዶቹን አስኮላሹ። ድመት በስድስት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች፣ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ገና እያጠባች እንኳ ዳግመኛ ትፀንሳለች። ሁለት ሴቶች በዓመት ሁለት ጊዜ አራት አራት ቢወልዱ ዐሥራ ስድስት ግልገል ነው፤ ዛሬ ቀነስን ያላችሁት በሚቀጥለው ዓመት ዕጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል።


የብሎክ ኮሚቴ፦

ሐኪሙ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። እኔ በምኖርበት የጋራ ሕንፃ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ አምስት ዓመት አገልግያለሁና ነገሩን ከደረጃው በኩል እንድታዩት እፈልጋለሁ። «ቁጥሩ ሳይሆን አያያዙ ነው» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ ኮሚቴ የሰው ቤት ገብቶ አያያዝ ሊለካ አይችልም፤ ሊቆጥር የሚችለው ራስ ብቻ ነው። በሌላው ዓለምም ቁጥር የሚደነገገው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በሎስ አንጀለስ ከተማ ልዩ ፈቃድ ያላወጣ ቤት ከሦስት በላይ ያደጉ ውሾች መያዝ አይችልም። አብዛኛው ሕዝቧ መንግሥት በሠራቸው አፓርታማዎች በሚኖርባት ሲንጋፖር፣ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ድመት ማሳደግ ከ30 ዓመት በላይ ተከልክሎ ቆይቶ ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአንድ ቤት ሁለት ድመት ተፈቅዷል፤ ውሻ ግን ከተመረጡት ትናንሽ ዝርያዎች አንድ ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ የእኛው ሐኪም የደረሱበት ቁጥርም ሁለትና አንድ መሆኑ ነው።

በእኛ አገር የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው በመተዳደሪያ ደንብ እንዲተዳደሩ ያደርጋል። ስለዚህ የእናንተ ብሎክ ደንብ ስለ እንስሳት ምን እንደሚል ሌላው ከመጠየቁ በፊት እርስዎ ራስዎ ጠይቀው ያንብቡት። ከዚህም በላይ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሦስት ውሾች በአንድ ጠባብ ደረጃ ሲወርዱ አንዱ ቢያመልጥና አንዲት አዛውንት ደንግጠው ቢወድቁ፣ «ሳላስበው አመለጠኝ» የሚለው ቃል እርስዎን ነጻ አያወጣም። በአንድ እጅ የሚያዘው የውሻ ገመድ አንድ ነው፤ ሌላው እጅ የደረጃውን ብረት ወይም የልጅ እጅ መያዝ አለበት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በእኛ ብሎክ እስካሁን ከደረሱን አቤቱታዎች ከበድ ያሉት ብዙ እንስሳ ካለበት ቤት የመጡ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ታስሮ ብቻውን ሲያላዝን የሚውል የአንድ ውሻ ጉዳይ ነበር ሁለት ዓመት ያጨቃጨቀን። ባለቤቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ይገባል። ለዚያ ቤት አንድም ይበዛ ነበር።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የምኖርበት አፓርታማ የኪራይ ውል ከሁለት በላይ እንስሳ አይፈቅድም፤ ለእያንዳንዱም በየወሩ ተጨማሪ ኪራይ ይከፈላል። ቀድሞ በራሴ ቤት ስኖር ግን የሚከለክለኝ አልነበረም፤ እናም ድመቶቼ ስድስት ደርሰውብኝ ነበር። አንዷን የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ግዛት ስትሄድ ትታልኝ፣ ሁለቱን ምግብ ቤት ጓሮ አግኝቻቸው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የበዙት። ቤቴ ንጹሕ ነበር፤ ክትባታቸውን አላጓድልም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ሽታ የለውም ነበር። በዚህ ሁሉ መለኪያ አልፌ ነበር ማለት ነው።

ትርንጎ የምትባል ረጅም ጠጉር ያላት ድመት ነበረችኝ። ለስድስቱም የማቀርበው በአንድ ትልቅ ሳህን ነበር፤ ጠዋት ሞልቼ እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ስለዚህ ሁሉም የበሉ ይመስለኝ ነበር። የውኃ ዕቃውም ከወትሮው ቀድሞ እንደሚያልቅ አስተውዬ «ሙቀቱ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ እሑድ ጭኔ ላይ ወጥታ ሳሻሻት ጣቶቼ በጠጉሯ ውስጥ ገብተው የአከርካሪዋን አጥንት አንድ በአንድ ቆጠሩት። ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ኩላሊቷ ከተጎዳ ወራት እንዳለፉ ተነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ አብራኝ የቆየችው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ኩላሊቷ የታመመ ድመት ውኃ እንደምታበዛና እንደምትከሳ ማንም ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ማን እንደጠጣ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፦ ማታ ከመተኛቴ በፊት እያንዳንዷ ዛሬ በልታለች ወይ፣ ተጸዳድታለች ወይ ተብዬ ብጠየቅ ሳልገምት መመለስ አለብኝ። መገመት ከጀመርሁ ለእኔ በዝተዋል። አሁን ሁለት አሉኝ። ለየብቻ ሳህን አላቸው፤ በየወሩ መጀመሪያ እያንዳንዷን ታቅፌ ሚዛን ላይ እወጣና የራሴን ክብደት ቀንሼ እጽፈዋለሁ። ይህን ለእናትዎ ያንብቡላቸው እባክዎ። ስምንቱን መውደዳቸውን ለመጠራጠር አይደለም፤ እኔም ስድስቱን እወዳቸው ነበር።


የጀሞዋ እኅት፦

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፤ ከላያችን ውሻ ያላቸው ጎረቤቶች አሉን። ለሶላት የምንዘጋጅ ሰዎች የውሻ ምራቅ ልብሳችንን ከነካው አጥበን ወይም ቀይረን ነው የምንሰግደው፤ ስለዚህ በጠባብ ደረጃ ላይ ያልታሰረ ውሻ ሲያጋጥመን ወደ ግድግዳ የምንጠጋው እንስሳውን ጠልተን እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቶቻችን ይህን ከነገርናቸው ወዲህ ገመዱን አሳጥረው ይይዙልናል፤ ያም በቂ ሆኖልናል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት አለው፤ በአይጥ ተማርረናል፤ መርዝ ደግሞ እህል አጠገብ ማስቀመጥ አንፈልግም። ድመት በእኛ ዘንድ የተከበረች ናት፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ ይህን ቅጽል ያገኙት ድመት ስለሚወዱ ነው፤ ትርጉሙም የትንሿ ድመት አባት ማለት ነው። የሚስማሙ ሁለት ድመቶች ካሏችሁ እንወስዳለን፤ ክትባታቸውንም በየዓመቱ እናደርሳለን። እናትዎም በፈለጉ ጊዜ መጥተው ሊያዩአቸው ይችላሉ፤ ቡና አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ።


የካዛንቺስ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእኅታችንን የትርንጎን ነገር ትናንት ማታ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። ሳነብ አልተናገረችም። ስጨርስ ግን የአምስቱን ድመቶች ስም በጣቷ እየቆጠረች መጥራት ጀመረች፤ አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ዳማ ትናንት ሳፋው ላይ አልነበረችም» አለች። ባትሪ ይዘን ስንፈልግ አልጋ ሥር፣ ከሻንጣው ጀርባ ተኮራምታ አገኘናት። አገጯ በምራቅ ርሷል። ክትባት የወሰዱት ውሾቹ ብቻ ናቸው፤ ድመቶቹ አልተከተቡም። ምን ላድርግ?


ሐኪመ እንስሳት፦

አፏን በባዶ እጅ እንዳትከፍቱ፤ ልጅቷም ወደ ክፍሉ እንዳትገባ። ምራቅ ማዝረብረብ ከጥርስና ከድድ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ካልተከተበ እንስሳ ሲታይ ግን የእብድ ውሻ በሽታን አስቀድመን እንጠረጥራለን። ወፍራም ፎጣ ጣል አድርጋችሁባት፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ አግብታችሁ ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት፤ ያልተከተበች መሆኗንም ከበር ጀምራችሁ ተናገሩ። በእነዚህ ዐሥር ቀናት ውስጥ ማንንም ነክሳ ወይም ቧጭራ እንደሆነ፣ ከእናትዎ ጀምሮ ሁሉንም ጠይቁ። ምራቋ ክፍት ቁስልን ወይም ዓይንን ነክቶ እንደሆነም አትርሱ። እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ክሊኒኩ የሚለውን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።


የካዛንቺስ ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፤ ይቅርታ። ዳማ ድና ቤት ውስጥ ናት። የነከሰችውም የቧጨረችውም ሰው አልነበረም፤ ሕመሟም የበሰበሰ የመንጋጋ ጥርስና የቆሰለ ድድ ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ተነቀለ፤ ደህና መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላም አምስቱም ድመቶች ተከተቡ። ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ከታመመች ስንት ጊዜ እንደሆናት ሲጠይቁ እናቴ መልስ አልነበራትም፤ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አልተናገረችም።

በማግሥቱ ራሷ ጠርታ አስቀመጠችን። ከውሾቹ ነብሮ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ስለሆነና ሌላ ቤት ይለምዳል ብላ ስለማታምን ከእኛ ጋር ይቀራል፤ ደረጃው እግሩን ስለሚያደክመው ጠዋትና ማታ ቀስ ብዬ የማወርደው እኔ ነኝ። መቻልና ሊሊ ሰንዳፋ ግቢ ያለው አጎቴ ዘንድ አብረው ይሄዳሉ፤ ሊሊ ከመሄዷ በፊት ትመክናለች፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል። ከድመቶቹ ዳማና ሻሼ ይቀራሉ። ለጀሞዋ እኅታችን አብረው የተወለዱትን፣ አይጥ በመያዝ የታወቁትን ሁለቱን እንሰጣለን፤ ከዚያ በፊት ማስመከኑን በእኛ ወጪ እንጨርሳለን። ሐኪም፣ ሌላ ቦታ የሄደች ድመት ወደ ቀድሞ ቤቷ ለመመለስ ትሞክራለች ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ ለስንት ቀን ዘግተው ቢያቆዩአቸው ይሻላል?

ሰጋቱራውን ማታ ማታ ከሥራ ስገባ እኔ እቀይራለሁ። አንድ ጀሪካን ውኃ ለዚሁ ብቻ ለይተናል፤ ልጄ ላዩ ላይ የድመት ሥዕል ለጥፋበታለች። ሁለቱ ሳፋዎች ቀርተው ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሳህን ተገዝቷል። የብሎካችንንም መተዳደሪያ ደንብ አገኘሁት፤ ስለ እንስሳት አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ «ነዋሪን የሚረብሽ እንስሳ ማሳደር አይቻልም» ይላል። ከዚያች እናት ቤት ሄጄ የወሰንነውን ነግሬያቸዋለሁ።

አምስተኛዋ ብቻ ቀርታለች። ትንሿ ጥቁሯ ናት፤ የምትተኛው እናቴ እግር ሥር ነው፤ እናቴም ስለ እርሷ ባለቤቴ ወልዳ እስክትነሣ ድረስ እንዳንጠይቃት ለመነችን። ሁለት ብለን ሦስት ሊሆኑ ነው። ባለቤቴ «ለእርሷም ሳህን ግዛላት» ብላኛለች።


ሐኪመ እንስሳት፦

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከቤት ሳይወጡ ይቆዩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሆነ በሩ ሁልጊዜ ስለሚከፈት፣ መጀመሪያ ወደ መኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል ይግቡና በኋላ ይዛወሩ። እናትዎ የሚተኙበትን አሮጌ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ቆርጣችሁ አብራችሁ ላኩ፤ የሚያውቁት ሽታ ያረጋጋቸዋል። ለሦስቱ ድመት አራት መጸዳጃ ያስፈልጋል፤ አራተኛውን በረንዳ ላይ አድርጉት።


የካዛንቺስ ልጅ፦

እናቴ ነጠላዋን ቆርጣ ሁለት ቦታ አጥፋ አስቀምጣለች። የክትባት ካርዶቻቸውን በፕላስቲክ አሽጌ አብሬ እልካለሁ፤ የሁለቱም የሚቀጥለው ቀጠሮ ከዓመት በኋላ በዚሁ ወር ነው።